የቲቸር ጴጥሮስ ሽንፈት

ጋሽ ጴጥሮስ በየምርጫው የዕድር ዳኝነቱን ልልቀቅ ብለው ይለምኑ ነበር። ልመናው ግን የአፍ ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው "እኔ ደክሞኛል፣ ለወጣት ልስጥ" ይላሉ፤ አባላቱ ባንድ ድምፅ "ኧረ በእግዚአብሔር! እርስዎን ትተን ማንን?" ይላሉ፤ እጅ ይወጣል፤ እሳቸውም "እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ" ብለው ባርኔጣውን መልሰው ይደፋሉ። ሆሳዕና ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ነገሩ የሚያልቀው ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። ሰው በሰው ፊት እንዴት አድርጎ "አልፈልግህም" ይላል? ዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሚተዳደረው በይሉኝታ ነበር።

ሰውየው ደግሞ ዳኝነቱን ይወዱታል። ዕድሜ ልካቸውን ጊምቢቹና ሆሳዕና ሥነ ዜጋ አስተምረው ጡረታ ወጡ። አንድ ልጃቸው ኢዮብም እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የቀራቸው ዕድሩ ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። የድንኳኑና የብረት ድስቱ መጋዘን ቁልፍ ከቀበቷቸው ተለይቶ አያውቅም፤ ሲራመዱ ሲንሿሿ ልባቸው ሞቅ ይላል።

ችግሩ ጉልበት ጠፋ። ድንኳን የሚተክለው፣ አስከሬን የሚሸከመው ጎረምሳ ጆበርግና ደርባን ሱቅ ከፍቶ ተቀምጧል። ሰፈሩ ውስጥ የቀሩት ሚስቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ባለፈው ክረምት የድሮ ተማሪያቸው የኤልያብ አባት ሲያርፉ ድንኳኑን የተከሉት ጋሽ ጴጥሮስና የልብ ጓደኛቸው ጋሽ ወልደኪዳን ነበሩ፤ ሁለቱም ሰባን ያለፉ ሰዎች። ዝናቡ ይወርዳል። ጋሽ ጴጥሮስ ገመድ ሊያስሩ ወንበር ላይ ወጥተው ከነወንበራቸው ጭቃ ላይ ዘጭ አሉ። ሴቶቹ ሊያግዙ ሮጠው ሲመጡ "ይህ የወንድ ሥራ ነው፣ እናንተ ወደ ድስቱ!" ብለው መለሷቸው። ከዚያም በዚያው ጭቃ በለበሰ ኮታቸው ቃሬዛውን ተሸከሙ። ኤልያብ ይህን ሁሉ ደርባን ሆኖ አይቷል፤ ዘመዱ ስልክ ከፍ አድርጎ ይዞለት ነበር።

የምርጫው ጊዜ ደርሶ አባላቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሲሰበሰቡ፣ ጋሽ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን ለማውለቅ እጃቸውን ሰደድ ከማድረጋቸው የዕድሩ ጸሐፊ ማህሌት ተነሳች። ማህሌት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው።

"ቲቸር፣ አንድ ሐሳብ አለኝ" አለች። "የብዙውን ቤት መዋጮ በስልክ የሚልኩት ውጭ ያሉት ልጆች ናቸው። ሁሉም በቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ አሉ። ለምን እነሱም አይመርጡም? እዚህ ካለነውም አባወራው ብቻ ሳይሆን ሚስትም ትምረጥ። ደግሞ ማን ለማን እንደሰጠ አይታይ።"

"የምን መደበቅ ነው?" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። "ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?"

"እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። 'ምስጢር ያልሆነ ድምፅ ድምፅ አይባልም' ብለው ሰሌዳው ላይ ጽፈውልን ነበር። ፈተናም ላይ አምጥተውብናል።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ጴጥሮስም ሳቁ፤ ሌላ ምን ያድርጉ? ይህን ጊዜ ባለሱቁ ፈትሁዲን ጉሮሮውን ጠራርጎ "እንግዲያውስ ምርጫ ከሆነ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እኔ ማህሌትን ጠቁሜያለሁ" አለ። ጋሽ ጴጥሮስ አሁንም ሳቁ። እጃቸው ግን ሄዶ ቁልፉን ጨበጠ። ሐሳቡ ጸደቀና ምርጫው ለሚቀጥለው እሁድ ተቀጠረ።

በዚያ ሳምንት በዕድሜያቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ቅስቀሳ ወጡ። ቤት ለቤት ዞሩ። ባጃጅ ይዘው ራቅ ያሉትን ጎበኙ። ደቡብ አፍሪካ ላሉት የድሮ ተማሪዎቻቸው እየደወሉ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ሱቃቸው፣ ስለ ብርዱ ጠየቁና በመጨረሻ ምርጫውን ጣል አደረጉ። ሁሉም አንድ ቃል ነው የመለሰላቸው። "ምን ጥያቄ አለው፣ ቲቸር!" ኤልያብማ ቅር ያለው እስኪመስል ድረስ "ይህን ለእኔ ይነግሩኛል?" አላቸው። ጋሽ ጴጥሮስ ቅዳሜ ሌሊቱን ለጥ ብለው ተኙ።

በማግስቱ ስማርት ስልክ ያለው በስልኩ መረጠ። የሌለው ደግሞ ፈትሁዲን ካመጣው መጋረጃ ጀርባ እየገባ ማሰሮ ውስጥ ፍሬ ጣለ፤ ለጋሽ ጴጥሮስ በቆሎ፣ ለማህሌት ባቄላ። ጋሽ ጴጥሮስም ገቡ። ብቻቸውን ቢሆኑም አንዴ ዞር ብለው አዩና በቆሏቸውን ቶሎ ጣሉ።

ማሰሮው ሲገለበጥ በቆሎው ከባቄላው መሀል እየተፈለገ የሚለቀም ሆነ። የስልኩ ውጤትም ያው ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ማህሌት ራሷ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጋሽ ጴጥሮስ ቆሙ። ስለ ሥልጣን ርክክብ ስንት ክፍለ ጊዜ አስተምረዋል! ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት ግን እንዲህ አያምም ነበር። ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው ለማህሌት ሰጡና "በርቺ፣ ልጄ" አሉ።

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ አየለች ምሳ አቀረቡ። እሳቸው አልነኩትም።

"ሁሉም አዎ ብሎኝ ነበር እኮ" አሉ። "ምን በደልኳቸው?"

"የኢዮብ አባት፣ መጀመሪያ ብላ።"

"አንቺስ? አንቺ ምን ጣልሽ?"

ወይዘሮ አየለች ጎንበስ ብለው ምሳውን ወደ እሳቸው ገፉት። "ባቄላ። ያን ቀን ከወንበር ስትወድቅ ልቤ አብሮህ ወደቀ። ነገር ግን ሴት እንዴት ባሏን በአደባባይ ተው ትላለች?"

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ፤ ጋሽ ወልደኪዳን ወገባቸውን ይዘው ገቡ። ሳይቀመጡ ሳቃቸው ቀደማቸው። "እኔም ባቄላ ነው የጣልኩት" አሉ። "ወገቤ አለቀ፣ ወንድሜ! አንተ ገመዱን ካልለቀቅህ እኔ በምን አፌ እለቃለሁ? ብዬህ አላውቅም እንጂ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ታቦት እየለመንኩ ነው።"

ጋሽ ጴጥሮስ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ እንባ የቀላቀለ ሳቅ። ስልካቸውም ያኔ ይጮህ ጀመር። ወይዘሮ አየለች በቴሌግራም የመጣውን የድምፅ መልእክት ከፈቱላቸው። የኤልያብ ድምፅ ነው።

"ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እመርጥዎታለሁ ብዬ ዋሸሁዎት። በስልክም ቢሆን እምቢ ማለት አቃተኝ። አባቴን ሲቀብሩልኝ አይቻለሁ። እኔ መሸከም የነበረብኝን እርስዎ በዚያ ዝናብ ወድቀው ተነሥተው ተሸከሙልኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ጭቃ የለበሰ ኮት ከዓይኔ አልጠፋም። እንዴት ብዬ ደግሜ ያንን ልምረጥልዎ? ይረፉልኝ፣ ቲቸር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ሌላም መጣ፤ ከዚያ ሌላ። አንዱ እናቱን፣ ሌላው ወንድሙን የቀበሩለት ናቸው። በመጨረሻ የኢዮብ ድምፅ ተሰማ። "አባዬ፣ እኔም" አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ጋሽ ጴጥሮስ ዝምታውን ደግመው ሰሙት። ስንት ዘመን "እርስዎን ትተን ማንን" ሲባሉ እውነት መስሏቸው ነበር፤ እንዲህ የሚወደዱ ሰው መሆናቸውን ግን ያወቁት ዛሬ ሲሸነፉ ነው። ተመስገን አሉ። ምሳቸውንም በሉ።

ጋሽ ወልደኪዳን ወገባቸውን ብዙ አላሳረፉትም፤ በዓመቱ፣ ዝናብ ሲጀምር አረፉ።

ጋሽ ጴጥሮስ መርዶውን ሰምተው እየሮጡ ሲደርሱ ድንኳኑ ቆሟል። ማህሌትና የሰፈሩ ሴቶች ቦት ጫማ አድርገው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ካስማ ይመታሉ። ፈትሁዲን ወንበር ያወርዳል። አንዲቱ ደግሞ ለውጭዎቹ ልጆች እንዲታይ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ጥግ ላይ አንዱ ገመድ ላላ ብሏል። ጋሽ ጴጥሮስ እጃቸው በልማድ ወደዚያ ሄደ፤ ያዙትና ወንበር ፍለጋ ዞር አሉ።

ማህሌት ገመዱን ከእጃቸው ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

"ቲቸር፣ ይህ የእኛ ሥራ ነው። እርስዎ ወደ ለቀስተኛው።"

ጋሽ ጴጥሮስ "እግዜር ይስጥሽ" አሉ፣ ገብተውም ተቀመጡ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሲቀብሩ ሐሳባቸው ገመድ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ድስቱ ላይ ነበር፤ አንዱንም ሟች ደህና አድርገው አላለቀሱትም። አሁን እጃቸው ባዶ ነው። ፊት ለፊት የጓደኛቸው ፎቶ ተቀምጧል፤ እዚያም ላይ ሳቃቸው ቀድሟቸዋል።

ውጭ ማህሌት ገመዱን ጎትታ አጠበቀችው። ጋሽ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን አወለቁና ወልደኪዳንን አለቀሱ።