የዶኛ ኤርሲልያ የዓይን ጠብታ

ኢላርዮ ቤንቬኑቶ በአርጀንቲናዋ ቱኩማን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲያስተምር ኖሯል፤ ስብ ማለት ቦርጭ ብቻ አይደለም። ሕዋሳት ከገዛ ሽፋናቸው ስብ ቆንጠር አድርገው ትናንሽ መልእክተኞች ይሠሩና ወደ ጎረቤት ይልካሉ። አንዱ «እበጥ» ይላል፣ ሌላው «በቃህ»፤ የፀጉርን ሥር «አርፈህ ተኛ» የሚልም አለ። ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ የሚሰሙት እንደ መስተዋት የሚያበራውን አናቱን እያዩ ነው።

ለፋኩልቲው ዲንነት ሲወዳደር ፎቶው በየግድግዳው ሊለጠፍ ሆነና ነገሩ ያንገበግበው ጀመር። ቅባቱንም፣ ክኒኑንም፣ የሽንኩርት ጭማቂውንም ሞክሯል፤ ከሽንኩርቱ የተረፈው ሽታው ነው።

አንድ እሑድ ከእናቱ ከዶኛ ኤርሲልያ ጋር ኢምፓናዳ የሚሉትን የሥጋ ሳምቡሳ ሲበሉ፣ የእናቱ ሽፋሽፍት ረዝሞ መነጽራቸውን ሲጠርግ አየ። ምክንያቱ ወዲያው ገባው። የዓይናቸውን ግፊት የሚቀንሰው ጠብታ ከእነዚያው የስብ መልእክተኞች አንዱን፣ የፀጉርን ሥር «ተነሥ» የሚለውን፣ አስመስሎ የተሠራ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እናቱን ሊጠይቅ ጎራ ይል ጀመር። ሰፈሩ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» አለ። እሱ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጠብታውን አናቱ ላይ ያሻል፤ የጎደለውን በውሃ ይሞላል።

በሦስተኛው ወር የዓይን ሐኪሟ ዶክተር ጊዮማር ግፊቱን ለክታ ተቆጣች፤ መድኃኒቱን እየዘለሉት ነው አለቻቸው። አንድ ቀን እንኳ ዘልለው የማያውቁት ዶኛ ኤርሲልያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እየጃጀሁ ይሆናላ» አሉ በቀስታ። «ያልጨመርኩትን ጨመርኩ እያልኩ።»

አብሯቸው የመጣው ኢላርዮ ከወንበሩ ተነሣ።

«አልጃጀሽም እማዬ። የወሰድኩት እኔ ነኝ።» ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት ባርኔጣውን አወለቀ።

ዶክተር ጊዮማር መብራቷን አስጠግታ አሥራ አንድ ፀጉር ቆጠረች። ወደ ግንባሩ የወረደው ጠብታ ግን ቅንድቡን እንደ ቁጥቋጦ አድርጎታል።

«ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር» አሉት እናቱ።

ይህቺ ከስድብ ሁሉ ባሰችበት።

ምርጫውን ተሸነፈ። ፎቶው ሥር ተማሪዎች «ቅንድቡን ምረጡ» ብለው ጽፈውበት ነበር። የእናቱ ግፊት በአዲስ ጠብታ ወረደ፤ ደግነቱ ዓይናቸው አልተጎዳም። አሁን በየምሽቱ ጠብታውን የሚጨምርላቸው ራሱ ነው። እሳቸውም ምርቃታቸውን ሳይሰስቱ ያወርዱለትና ብልቃጡን ከእጁ ተቀብለው ጉያቸው ውስጥ ይወሽቁታል።