የእትዬ እታለማሁ ድንኳን

እትዬ እታለማሁ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ጎህ ሲቀድ አረፉ። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ባምላክ ሮጦ ዕቃ ቤቱን ቢከፍት፣ ያገኘው ሁለት ብረት ድስትና አንድ እግረ ሰባራ ወንበር ብቻ ነው። ድንኳኑ የለም። ወንበሮቹም የሉም። የት እንዳሉ ያውቃል፤ አንጀቱን ያሳረረውም ማወቁ ነው።

ከአራት ቀን በፊት ፖል የሚባል የኬንያ መንግሥት ቢሮ ሰው መጥቶ፣ «የኬንያና የኢትዮጵያ ባለሥልጣናት በአካባቢው ሰላምና ጸጥታ ተባብረው ለመሥራት ሊፈራረሙ ነውና ድንኳንና ወንበር አውሱን። ኬሾ እንመልሳለን» አለ። ኬሾ በስዋሂሊ ነገ ማለት ነው። ያ ነገ ሳይመጣ ሦስት ቀን መሽቶ ነጋ።

እትዬ እታለማሁ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚሸኙ ሰው አይደሉም። በተኩሱ ዓመት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጫረስ፣ ሱቃቸውን ዘግተው በራቸው ላይ የውሃ ጀሪካን ደረደሩ። የዚህኛውም ጎሳ ሴት መጣች፣ የዚያኛውም። «ጥይቱን እቤታችሁ ተዉት፤ እዚህ ውሃ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ሴቶቹ እዚያ ሰልፍ ላይ መነጋገር ጀመሩ፤ ቀጥሎ ባሎቻቸው። ለዚያ እርቅ የተተከለው የእድሩ ድንኳን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጉሮሮው እስኪዘጋ ያስተረጎመውም ባምላክ ነው። በመጨረሻዋ ሰዓት ትልልቆቹ ሰዎች በመኪና ደርሰው ፎቶ ሊነሡ ተሰለፉ። ካሜራ የያዘው ጎረምሳ፣ «አንተ ባለድንኳኑ፣ ዞር በል» አለው። የምስክር ወረቀት ሲታደልም «ትምህርትህ ስድስተኛ ክፍል ነው» ብለው ዘለሉት። ወረቀቱን ወስዶ የሄደው፣ ሦስቱን ቀን ሆቴል ተኝቶ የከረመው ከናይሮቢ የመጣ አስተርጓሚ ነው። ባምላክ ይህን አልረሳም። አይረሳምም።

ያን ቀን እትዬ እታለማሁ ትከሻውን ቸብ አድርገው፣ «ተዋቸው ባምዬ። አንተ ብቻ የኔ ቀን ሲደርስ ድንኳኑን እንዳታሳጣኝ» አሉት።

«ባምላክ ይሙት!» ብሎ ማለላቸው።

አሁን ግቢያቸው በለቅሶኛ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ደርበው የሞያሌ ፀሐይ ይጠብሳቸዋል። የሟች ልጅ ሚሚ እጁን ይዛ፣ «ባምላክ፣ እማዬ ያለ ድንኳን ልትወጣ ነው?» አለችው። ወጥቶ ወደ ፊርማው ሜዳ ሄደ።

ሜዳው ላይ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ሁለት ባንዲራ ይውለበለባል። ባለ ከረባቶቹ በተደገፉት ወንበር ሁሉ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም «የኪዳነምሕረት እድር» ይላል። ጽሑፉ የገዛ እጁ ነው። ፖል መግቢያው ላይ አገኘው።

«ሰው ሞቶብናል። ድንኳናችንን» አለ ባምላክ።

«ፖሌ ሳና» አለ ፖል፣ እግዜር ያጽናችሁ ለማለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ከምሳ በኋላ ትወስዳለህ።»

«ሬሳ ምሳ ይጠብቃል?»

«የሁለት አገር ጉዳይ ነው እኮ ወንድሜ። የሰላም ጉዳይ ነው።»

«የኔስ? የሰርግ ነው?»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ እንግዶች አሉ።»

«የት አገር ነው እንግዳ በባለቤቱ ወንበር ተንፈላሶ ባለቤቱን በር ላይ የሚያቆም?»

ውስጥ አንዱ «የሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች የዘመናት ትብብር» እያለ ከወረቀት ያነባል። ባምላክ «የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ!» እያለ በጎን ዞረና የመጀመሪያውን ካስማ ነቀለ። ሁለተኛውንም። ድንኳኑ ዘመም አለ፤ ንባቡ ቆመ። ሁለት ጠባቂዎች፣ አንዱ ከዚህ አገር አንዱ ከዚያ፣ እየሮጡ መጥተው ግራና ቀኝ ክንዱን ጨመደዱት። የድንኳኑን ገመድ አልለቅም ብሎ ሲታገል ገመዱ ተበጠሰ።

«እንዲህ ነው መተባበር!» ብሎ ጮኸ። «ከብት ሲዘረፍ ስንጠራችሁ አንዳችሁም ዝር አላላችሁ። ዛሬ እኔን ለመያዝ ከሁለት አገር ደረሳችሁ!»

ከፊት ረድፍ አንድ የቦረና ሽማግሌ ተነሡ። ሀላኬ ናቸው፤ ስምምነቱን እንዲመርቁ ከጓደኞቻቸው ጋር ተጠርተው ነው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚሉት።

«ይሄ የኛ ሰው ነው። ለምን ያዝከው? ማን ሞተ?»

«እትዬ እታለማሁ፣ ኦቦ ሀላኬ።»

«የጀሪካኗ?»

«አዎ፣ እሳቸው።»

ሽማግሌው ወደ ባለ ከረባቶቹ ዞረው፣ «እኔ የሷን ውሃ ጠጥቻለሁ። ልጆቼም ጠጥተዋል። አንተ ማንበብህን ቀጥል» አሉና የተቀመጡበትን ወንበር አንጠልጥለው ወጡ። የቀሩት ሽማግሌዎችም ወንበር ወንበራቸውን እየያዙ ተከተሏቸው። ፖል ሽማግሌውን በስዋሂሊ እየተጣራ ከኋላ ይሮጣል፦ «ምዜ! ምዜ! ምርቃቱስ?»

«ለቅሶ ቤት ና፤ እዚያ እመርቅሃለሁ።»

ሽማግሌ የሌለበትን ፊርማ ማን ይቀበለዋል? ጠባቂዎቹ የባምላክን ክንድ ለቀቁ። ቀሪውን ካስማ አንድ በአንድ ሲነቅል፣ ባለ ከረባቶቹ በወረቀታቸው ፀሐይ እየተከላከሉ ሜዳው ላይ ቆሙ። እሰይ፣ አለ በሆዱ።

ድንኳኑ እትዬ እታለማሁ ሳይወጡ ደረሰ። የተበጠሰውን ገመድ የሚተካ ግን አልተገኘም፤ ለስብሰባው ጥበቃ ሲባል ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። ስለዚህ የማዕዘኑን ምሰሶ ባምላክ አቅፎ ቆመ። ቤተ ክርስቲያኑ በኢትዮጵያ በኩል ነውና ሰው ቀብሩን ለመፈጸም ድንበሩን ተሻግሮ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ፤ ሲመለስም እዚያው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪኖቹ መጡ። ምርቃቱን ፍለጋ ነው። ባለሥልጣናቱ ሚሚን «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ከሽማግሌዎቹ ጎን ለፎቶ ተደረደሩ። ካሜራ የያዘው ልጅ ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ሄደ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። የድሮው ጎረምሳ አይደለም፣ ሌላ ነው።

«ባለድንኳኑ፣ ትንሽ ዞር በልልን።»

«ዞር ልበል?» አለና ባምላክ ምሰሶውን ዘንበል አደረገው። ሸራው የባለሥልጣናቱን አናት ሊነካ ስንዝር እስኪቀረው ወረደ፤ ሁሉም አንገታቸውን ቀበሩ። ከኋላቸው ሚሚ ተቀምጣለች፤ ፀሐይ ያከሰላቸው ሴቶችም ገና ጥላ ማግኘታቸው ነው።

ጥርሱን ነክሶ ምሰሶውን መልሶ አቆመ።

«ለእትዬ እታለማሁ ስል ነው እንጂ!» አለ። «አንሣ። ከነምሰሶዬ አንሣኝ።»