የለፍላፊ ዝምታ

በቆሎ መፈልፈያዋን «ለፍላፊ» ብለው ስም ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው። እጀታዋ ሲዞር ጩኸቷ ለሁለት ሰፈር ይተርፋል። የሠራቻት በያጇ ልጅ ናት፤ ከአሮጌ የብስክሌት ሰንሰለት፣ ከበርሜል ቁራጭና ከበር ማጠፊያ አገጣጥማ። ሦስት ሴቶች ቀኑን ሙሉ በጣታቸው ፈልፍለው የማይጨርሱትን በቆሎ ለፍላፊ በአንድ ሰዓት ታራግፈዋለች።

የእናትየው ጭንቀት ግን የበቆሎ አልነበረም። ልጅቱ «እስከ መኸር የተጨበጠ ነገር ካላገኘሁ ባሕር ተሻግሬ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ» ካለች ወዲህ እህል አልወርድላት ብሏል። ፓስፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር እናት የያዘችውን ሥራ ትታ ዘወር ትላለች።

የፈጠራ ማዕከል መከፈቱን ከቤተሰቡ ቀድማ ያወቀችው እናት ናት። ማንበብ የምትማርበት የጎልማሶች ትምህርት ክፍል በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ጣቷን እያስኬደች አነበበችው። ያለ ማንም እርዳታ አንብባ የጨረሰችው የመጀመሪያው ወረቀት ነበር። «ለአካባቢው ፈጣሪዎች የምስክር ወረቀትና የመሥሪያ ቦታ እንሰጣለን» ይላል።

«እማዬ፣ እነሱ የሚፈልጉት ለሪፖርት የሚሆን ሰው ነው» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ደግሞ ጥላሽንም አታምኚ! መሞከር ምን ይገድላል?»

«እሺ። እኔ ነገ የባለ ሱቁን በር አስረክባለሁ፤ አንቺ በጋሪ ውሰጃት። የብየዳ ወርክሾፑ ፈቃድም በስምሽ ስለሆነ ፈራሚዋ አንቺ ነሽ። ግን አደራሽን፣ እስከ ታች ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።»

«ምን ነካሽ፣ አሁን እኮ ማንበብ እችላለሁ!»

ማዕከሉ አዲስ ቀለም ይሸታል። ኮምፒውተሮቹ ላስቲካቸው ገና አልተላጠም። ግድግዳው ላይ ክቦች ተሥለው በመስመር ተያይዘዋል፤ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንዱ ባንክ፣ በአንዱ ፋብሪካ የሚል ተጽፏል። አስተባባሪው ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት።

«እንኳን ደህና መጡ እማማ! ይኸውልዎት፣ ፖሊሲያችን ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲውን፣ ፋብሪካውንና እንደ እርስዎ ያለውን ሰው እንደ ሰንሰለት ማያያዝ።»

«ሰንሰለቱስ አላት» አለች እናት፣ ወደ ለፍላፊ እየጠቆመች።

አስተባባሪው ከልቡ ሳቀ። «የዓመቱ ዕቅዳችን አሥራ ሁለት ፈጠራ ነው። የእርስዎ አሥራ ሁለተኛዋ ናት። ለሦስት ወር ሙከራ እዚህ ትቆያለች። ብቻ ዛሬ ካልፈረሙ ሪፖርቱ ያመልጠናል።»

ውሉ ሦስት ገጽ ነው። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አድርጋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጀመረች። የመጀመሪያውን ገጽ ስትጨርስ ከኋላዋ የተሰለፉት ተማሪዎች ሰዓታቸውን ያያሉ። አንዷ ለጓደኛዋ የሆነ ነገር አንሾካሾከችና ሁለቱም ሳቁ። በእሷ ላይሆን ይችላል። ጆሮዋ ግን ጋለ።

«የተለመደ ውል ነው እማማ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ዕድሜዋን ሙሉ አውራ ጣቷን ቀለም እየነከረች የወረቀት ግርጌ ላይ ስታትም ኖራለች። ዛሬ፣ በእነዚህ ልጆች ፊት፣ ቶሎ የሚያነብ ሰው መምሰል አማራት። የቀሩትን ሁለት ገጾች የተማሩ ሰዎች ሲያደርጉ እንዳየችው ራሷን እየነቀነቀች በዓይኗ ሮጠችባቸው። ከዚያም ደብተሯ ጀርባ ላይ አንድ ወር የተለማመደችውን ባለ ጅራት ፊርማ አሳረፈች።

«ፊርማዎ ያምራል» አላት። ደስታዋ እስከ ቤት አደረሳት።

«እስከ ታች አነበብሽ?» አለች ልጅቱ።

«እስከ ታች።»

ሦስት ወር አለፈ። መኸር ደረሰ፤ ጎረቤት ጆንያውን ተሸክሞ መጣ። ለፍላፊ አልተመለሰችም። ልጅቱ ሁለተኛ መፈልፈያ መበየድ ስትጀምር ከማዕከሉ ደብዳቤ መጣ፦ መሣሪያዋ የማዕከሉ ሆናለች፤ ያለ ፈቃድ መሰሏን መሥራት ክልክል ነው። ልጅቱ ውሉን ከመሳቢያ አውጥታ አየችው።

«ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፣ እማዬ።»

«አይቼዋለሁ።»

«አየሽው ወይስ አነበብሽው?»

እናት ወረቀቱን ተቀብላ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትል ነበር የራሷ እናት በሕይወት ሳለች። ልጅቱ ብትጮህባት በተሻላት ነበር። እሷ ግን መበየጃዋን አጥፍታ፣ ገመዱን ጠቅልላ፣ እጇን ታጠበች።

በማግስቱ ለመነጋገር ሁለቱም ማዕከሉ ሄዱ። አስተባባሪው ተዛውሯል። ለፍላፊ አዳራሹ መሐል በቀይ ገመድ ታጥራ ቆማለች፤ ከነሰንሰለቷ አረንጓዴ ቀለም ተቀብታለች። ልጅቱ በገመዱ ላይ ተንጠራርታ እጀታውን ሳበችው። ቀለሙ ሰንሰለቱን ከጥርሱ ጋር አጣብቆታል፤ ንቅንቅ አላለም።

«አይነካም!» አለ ጥበቃው።

«እኔ ነኝ የሠራኋት።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ እህቴ።»

«ሁሉም ቢያውቅማ ሰንሰለት ዘይት እንጂ ቀለም አያጠጣም ነበር» አለች ልጅቱ።

እናት ከለፍላፊ ሥር ወደ ተለጠፈው የሠሪዎች ዝርዝር ተጠጋች። ጣቷን አስቀመጠች። ማዕከሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ባንኩ፣ ቢሮው። ከኋላዋ ጎብኚዎች ቆመው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ዛሬ አልቸኮለችም። ፊደል በፊደል እስከ መጨረሻው መስመር ወረደች፦ «እና የአካባቢው ማኅበረሰብ።»

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«አለሁበት?»

«የለሽም፣ ልጄ።»

ቤት ሲደርሱ ልጅቱ መሳቢያውን ከፈተች። ፓስፖርቱን አወጣች፤ ከሥሩም የሥራ ውል። ሁለት ዓመት፣ የሰው ቤት፣ ባሕር ማዶ። ግርጌው ላይ የቤተሰብ ፊርማ የሚል ክፍት ቦታ አለ።

«በይ ፈርሚልኝ።»

«ላንብበው» አለች እናት።

አራት ገጽ ነው። ሁሉንም አነበበችው፤ ጨርሳም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ልጅቱ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ጠበቀቻት፤ አላጣደፈቻትም። ወረቀቱ ውስጥ አልፈርምም የሚያሰኝ አንድ ቃል አልተገኘም።

ባለ ጅራቱን ፊርማ ፈረመች።