ወርቅ የተቀባው ስልክ

"እሱ መፍታት እንጂ መግጠም መቼ ያውቃል።"

ይህን ያለው የስልክ ጠጋኙ ታላቅ ወንድም ነው። ያለውም አባታቸው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዘመድ አዝማድ ግድግዳውን ተደግፎ በተቀመጠበት ነው። እናታቸው የአባትየውን ባለ ማዞሪያ ስልክ "ለትንሹ ስጡት፣ ሥራው ነው" ስትል፣ ታላቁ ከአፏ ነጠቀና ተናገረ። አክስቶቹ ሐዘን ላይ መሆናቸውን ረስተው ሳቁ። ማን ጮክ ብላ እንደሳቀች፣ ማን አፏን በእጇ እንደሸፈነች፣ ስልክ ጠጋኙ አንድ በአንድ ያውቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አሁን ያ ስልክ ሱቁ ውስጥ፣ ጉልበቱ ላይ ተገልብጧል። በምላጭ ወርቃማ ቀለም እየፋቀለት ነው።

ወንድሙ ስልኩን ወስዶ ስንት ዓመት ዕቃ ቤት ከጣለው በኋላ፣ ሰሞኑን ሳሎኑን ሲያሳድስ ትዝ አለው። ለበር ቀለም ቀቢ ሰጥቶ ወርቅ አስረጨው። ቀቢው ደግሞ ሳይፈታ፣ ሳይሸፍን፣ እንዳለ ነው የረጨው። ቀለሙ በቁጥሮቹ ቀዳዳ ሰርጎ ማዞሪያውን ከነሞላው አጣብቆታል። ወንድሙ ወደዚህ ያመጣውም እንዲሠራ ብሎ አይደለም። እንግዳ በጣቱ ሲነካው እንዲዞር ብቻ ነው።

ጠጋኙ ማዞሪያውን ነቅሎ ቤንዚን ውስጥ ዘፈዘፈው። በወርቁ ሥር የድሮው ጥቁር ቀለም ብቅ ሲል እናቱን አሰበ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የምትኖረው ከታላቁ ጋር ነው። የሞባይሉን ልሙጥ መስታወት ብትዳብሰው ምኑ ይያዝላታል? ልደውል ስትል ምራቷ ትደውልላትና ወሬው እስኪያልቅ አጠገቧ ትቆማለች። አማት ምራቷ ቆማባት ምን ታወራለች? "ደህና ነኝ፣ እኔ ደህና ነኝ" ብላ ትዘጋለች። ይሄ ስልክ ግን ቀዳዳ አለው፤ ጣቷ እየቆጠረ ይሄዳል። ከሠራ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ትደውላለች።

ከሰዓት ወንድሙ መጣ። ሱቁ የምትጠበው ይመስል ደጃፉ ላይ ቆመ። ጥቁሩን ስልክ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ወርቁስ?"

"ፋቅሁት።"

"ማን ፋቅ አለህ?"

"ካልተፋቀ አይዞርም።"

"ወርቅ አድርጌ የሰጠሁህን ከሰል አድርገህ ትመልስልኛለህ? መጋረጃዬ ወርቅ ነው፣ የፎቶው ፍሬም ወርቅ ነው፣ የበሩ እጀታ ወርቅ ነው።"

"ጥርስህን ነው የረሳኸው።"

"አንተ ቤት ሁሉ ነገር ሲዝግ አፍህ ብቻ አይዝግም" አለ ወንድሙ።

ጠጋኙ ምላጩን አስቀመጠ። "ገና ትንሽ ይቀረዋል እንጂ መደወል ይችላል። ለእማዬ ይሁን። የምትተኛበት ክፍል የድሮ ቢሮህ አይደል፤ የመስመሩ መሰኪያ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ።"

"ለእማዬ?" ወንድሙ ሳቀ። "ቀኑን ሙሉ ዘመዱን እየሰበሰበች ልታማኝ? ምራቴ ገላመጠችኝ፣ ሾርባው ቀዘቀዘብኝ ስትል እንድትውል?"

"ሾርባውን አሙቁዋ።"

"ስማ፣ ቤቴ ነው። ጌጥ ነው ያልኩህ፣ ሳሎን ነው የሚቀመጠው። ነገ ይዘህልኝ ና። ወርቁን እኔው መልሼ አስቀባዋለሁ።"

ከሄደ በኋላ ጠጋኙ ሥራውን ቀጠለ። ገመዱን በሳሙና አጠበ። የዛጉትን መገናኛዎች በብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ፈገፈጋቸው። የስልኩን አካል በጥርስ ሳሙና እያሸ መስታወት አስመሰለው። የሱቁ መስመር ላይ ሰክቶ በሞባይሉ ሲደውልበት፣ ደወሉ አካባቢውን አናጋው። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ብቅ አለች።

"ምነው፣ ትምህርት ቤት ከፈትክ እንዴ?"

"ወንድሜን ላስተምርበት ነው" አላት።

በማግስቱ ወንድሙን እቤቱ ግቢ ውስጥ ከሲሚንቶ ደንበኛ ጋር ሲከራከር አገኘው። ሰላም አላለውም። በሳሎኑ ወርቅ መሀል አልፎ ቀጥ ብሎ የእናቱ ክፍል ገባ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

"ትንሹ? ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለህ?"

መልስ ሳይሰጥ መሰኪያው ጋ ተንበርክኮ ገመዱን ሰካ። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አኖረላት። እጇ ቀስ እያለ ዳበሰው፣ ጠርዙን፣ እጀታውን፣ ቀዳዳዎቹን። እጀታውን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ መስመሩ ይጮኻል።

"ይናገራል" አለች። "የአባታችሁ ነው። ማን ነው ያሠራልኝ?"

ወንድሙ በሩ ላይ ደርሷል። አንድ እጁን ወደ ስልኩ ዘርግቶ ቆመ።

"እኔ ነኝ" ማለት ይቻላል። እውነትም ነው። ግን ያን ካለ ስልኩ ሳይመሽ ሳሎን ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ወርቅ ይረጭበታል። ወንድሙን ያውቀዋል። ዕቃ ከሰው እጅ መንጠቅ አይከብደውም፤ አንዴ የተመሰገነበትን መልሶ መውሰድ ግን ሞቱ ነው።

"ጋሼ ነው" አለ ጠጋኙ። ቃሉ እንደ ኮሶ መረረው። "በክፍልሽ ሆኖ እንደ ልብሽ እንድትደውዪበት ብሎ።"

የወንድሙ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

"እውነት? እኔ ደግሞ ይሄ ልጅ ንግዱ እንጂ እናቱ ትዝ አትለውም እያልኩ ሳማው። ና እስቲ ወዲህ፣ የኔ ልጅ።" የታላቁን ጉንጭ በሁለት እጇ ይዛ ደጋግማ ሳመችው። ዕድሜውን፣ ቤቱን፣ ሚዛኑን መረቀችለት። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ ማዞሪያውን ያዘችና ታናሽ እህቷ ጋ ደወለች። እህቷ የሰማችውን ይዛ የምታድር ሴት አይደለችም።

"አንቺ፣ እኔ ነኝ። ማን ይደውልልኛል፣ ራሴ ነኛ። ታላቁ ልጄ የአባቱን ስልክ አሠርቶ ክፍሌ ድረስ አስገባልኝ። አዎ፣ እንደ ልብሽ ደውዪ ብሎ። ለሁሉም ንገሪልኝ። ትንሹ? አለ፣ እዚሁ ቆሟል። እሱማ ሥራው አይደል፤ ወንድሙ ከፍሎት ነዋ። ያለ ገንዘብ እሱ መቼ ይነቃነቃል።"

ወንድሙ በአፍንጫው ሳቀ። ጠጋኙ ካቻቢቴውን ሳጥኑ ውስጥ ወረወረና ወጣ። ግቢው በር ላይ ወንድሙ ደረሰበት።

"ተንኮለኛ" አለው በዝግታ። "እስከ ማታ ዘመዱ ሁሉ ተባረክ እያለ ሊደውልልኝ ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ነው ከጉልበቷ ላይ የማነሳው? ይሄን አስልተህ ነው አይደል?"

ጠጋኙ የሳጥኑን ክዳን ቆለፈ።

"ግን አንጀትህ እርር ብሏል። ፊትህ ላይ አየሁት፣ ከፍሎት ነዋ ስትል።" ጠጋ አለው። "አሁኑኑ ገብቼ ልንገራት? ብቻውን ፍቆ፣ ብቻውን ገጥሞ፣ ምንም ሳልከፍለው ነው ያመጣልሽ ልበላት? አንተ ብቻ እሺ በል። እምላለሁ፣ ቃል በቃል ነው የምነግራት።"

በመስኮቱ የእናትየው ድምፅ ይሰማል። የመጀመሪያውን ጨርሳ ሌላ ሰው ጋ ደውላለች፤ ስለ ምራቷ ነው የምታወራው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሳቅ እየተቆራረጠች።

"እ? ልንገራት?"

ጠጋኙ የመሣሪያ ሳጥኑን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ሳበ፣ ዞር ብሎም ሳያየው መንገዱን ተያያዘው።