ዝሆን የሚታይበት መስኮት

ደግሞ ሰማያዊ አይለበስም አለ፣ ጥቁርም አይለበስም፣ የዱር ዝንብ ይወደዋል፣ አፈር የሚመስል ልበሱ፣ ሽቶ አትቀቡ፣ ፓርኩ ውስጥ የመኪና በር አትክፈቱ፣ አትጩኹ፣ አስጎብኚው በስልክ ሲያወራ ራሱ ሣር ውስጥ ተጋድሞ የሚንሾካሾክ ነው የሚመስለው፣ አትጩኹ የሚለው ደግሞ ማንን ነው፣ ከንጋት እስከ ምሽት ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛ ሲጠራ የሚውለውን ረዳት፣ ተራ ላይ ፉጨት ብለው ስም ያወጡለትን፣ አንደበቱ ያረፈው ጥርሱን ታሞ ጉንጩ ያበጠ ቀን ብቻ ነው፣ ያኔም በእጁ ሲጮህ ነው የዋለው።

እሑድ ከሰዓት። ግቢው ፀጥ ብሏል። ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ ፓርኩ መንገድ።

ፉጨት በእርጥብ ጨርቅ ጥቁሩን ላስቲክ የሚኒባሱ መስታወት ላይ ያለሰልሳል፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ የአየር አረፋ እንዳይቀርበት፣ አረፋዋ ከጨርቁ ሥር እየሸሸች ትሄዳለች፣ እንደ ጥንቸል፣ ያዛት፣ አመለጠች፣ እዚያም እንዲህ ይሆን ይሆናል፣ ሣሩ ሲነቃነቅ ታያለህ እንጂ ያነቃነቀውን አታይም፣ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ፣ ወራጅ አለ የሚልህ የለም፣ ሙላው ሙላው የሚልህ የለም፣ ሜዳው ሰማዩ ሥር ተዘርግቶ፣ ቀጭኔዎች እንደ መብራት እንጨት በሩቁ ቆመው፣ ግን የሚራመዱ የመብራት እንጨቶች።

አጎቱ፣ የሚኒባሱ ባለቤትም ሾፌርም እሱው፣ ጎማው ሥር ተንበርክኮ ንፋስ ይለካል፣ ስማ አንተ ፉጨት፣ ዝሆኑን ጠጋ በል አንድ ሰው አለ ብለህ እንዳታዋርደን፣ ዝሆን እኮ ለብቻው የኋላውን ወንበር ይጨርሰዋል፣ አልጭነውም፣ ቀጭኔስ፣ ጣሪያውን ከቀደድንላት ትገባለች፣ ሂድ ቀልማዳ፣ ደግሞ ዝንብ ጥቁር ይወዳል እያልክ ጥቁር ትለጥፋለህ፣ አጎቴ ይሄ እኮ ክብር ነው።

ክብር ነው። ተራ ላይ ጥቁር መስታወት ያለው መኪና ሲያልፍ ሰው ሁሉ ገለል ይላል፣ ውስጡ ማን እንዳለ ሳያውቅ ገለል ይላል፣ ትራፊኩ እንኳ እጁ ወደ ኮፍያው ይሄዳል፣ ለአባቱ እንዲህ ያለ መኪና ነው የሚገባቸው፣ ፀሐዩም ዓይናቸውን አይወጋው፣ ከሾፌሩ ጀርባ ወፍራም ቡኒ መጋረጃ ሰቅሏል፣ የኋላውን መስታወት አልብሷል፣ የጎኖቹንም፣ ይህችኛዋ የመጨረሻዋ ናት፣ የአባቱ መስኮት።

የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ አባቱ፣ ጉልበታቸውን የጨረሱት ያን ፓርክ ለሁለት በሚሰነጥቀው አስፋልት ሲመላለሱ ነው፣ አንድ ቀን አልቆሙም፣ ጭነት አለ፣ አሠሪ አለ፣ መቆም ክልክል ነው፣ ስለዚህ ያዩት ሁሉ ግማሽ ነው፣ የአንበሳ ጭራ፣ የሜዳ አህያ ጀርባ፣ አንዴ ደግሞ ዝሆን፣ መንገዱ ዳር፣ ጆሮው ገመዱ እንደተፈታ የመኪና ሸራ ሲርገበገብ፣ በጎን መስታወት እያነሰ፣ እያነሰ፣ እሱ ልጅ ሆኖ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ሲተርኩለት፣ ከዚያስ አባባ፣ ከዚያማ መታጠፊያ መጣ። ሁልጊዜ እዚያ ጋ መታጠፊያ ይመጣል።

የዓይን ሐኪሟ ደግሞ፣ ነጭ ጋውን፣ ጥፍሯ አጭር፣ አባቱን ኮሪደር ላይ አስቀምጣ፣ ልናዘገየው ሞከርን እንጂ ልንመልሰው አንችልም፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዛሬ ነገ አትበሉ፣ እና እሱ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ትቶ በክፍሉ መስኮት የመኪና ዓይነት ሲለይ ከትምህርት የተባረረው፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል ሳይጥል ያዛት፣ አባቱም በበሩ ስንጥቅ ሰምተዋል፣ ዓይን ሲደክም ጆሮ ይሰላል፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ሁለቱም ስለ ጫማ ነው ያወሩት።

መጡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ለነገ የተባለውን አፈር መሳይ ካፖርት ዛሬውኑ ለብሰው፣ ቁልፉ አንድ ቤት ተዛንፎ፣ አባባ ይግቡ ወንበርዎን ይሞክሩት፣ ራስዎን ዝቅ፣ እንዲህ፣ ስለ ላስቲኩ አልነገራቸውም፣ ድንገት እንዲያስደስታቸው ነው፣ በሩን እንደ ልማዱ ጓ አድርጎ ይዘጋዋል።

አሁን ይደነቃሉ። አሁን።

ምንም። ከውጭ ውስጡ አይታይም፣ የሚያየው የራሱን ጥላ ብቻ ነው፣ ከዚያ መዳፍ መስታወቱን ከውስጥ ሲዳብስ ይሰማዋል፣ ሽ፣ ሽ፣ ከዚያ ድምፃቸው፣ መሽቷል እንዴ፣ አጎቱ ከጎማው ሥር ሆኖ፣ ኧረ ወንድም ጋሼ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ዳበሳው ይቆማል። እንግዲያስ መጥቷል፣ ምኑ ጋሼ፣ ያች ሐኪም ያለችው ነዋ፣ ድንገት ነው እንዴ የሚመጣው፣ እኔ ቀስ እያለ መስሎኝ፣ በሉ ነገ እናንተ ሂዱና ትነግሩኛላችሁ፣ እኔ እንደሆነ ግማሹን አውቀዋለሁ።

ግማሹን።

ዓይንዎ አይደለም አባባ፣ እኔ ነኝ፣ የኔ ላስቲክ ነው፣ ሊል ነው፣ አፉም ተከፍቷል፣ ገበያ ሙሉ ሰው የሚጠራው ጉሮሮ ግን የሚያወጣው ንፋስ ነው፣ በሩን ክፈተው እንጂ አንተ ይላል አጎቱ ፊቱ አመድ መስሎ፣ በሩን፣ አዎ በሩን፣ ግን ፓርኩ ውስጥ በር አይከፈትም፣ ነገም የሚያዩት በዚህች ነው፣ ማሳየት ያለባት ይህች መስኮት ናት፣ ጥፍሩ ጥጉን ይፈልጋል፣ የሚያውቅ ሰው ከውስጥ ነው የሚለጥፈው፣ እሱ ከውጭ፣ ተመስገን ከውጭ፣ ሙጫው እርጥብ ነው፣ ይላጣል፣ ይበጠሳል፣ እንደገና፣ ፀጉር የምታክል ብርሃን፣ ከዚያ ጣት፣ ከዚያ መዳፍ።

ከመስታወቱ ወዲያ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። ግራጫ። የተሸበሸበ። አይቸኩልም፣ ከጨለማው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይቀርባል፣ በሽብሽቡ መሃል አንድ ትንሽ እርጥብ ዓይን፣ ሽፋሽፍቱ ረጅም፣ ይቆማል፣ ያያል።

አስጎብኚው ምን ነበር ያለው፣ ዝሆኑ ካያችሁ አትሩጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ ጊዜ ስጡት፣ ፉጨት አይንቀሳቀስም፣ ጥቁሩ ላስቲክ ጣቱ ላይ ተጠምጥሟል፣ አንዲት ዝንብ መጥታ እዚያው ላይ ታርፋለች፣ አያባርራትም፣ ያ ዓይን ከፉጨት ግንባር ወደ አፍንጫው ይወርዳል፣ ወደ አገጩ፣ አገጩ ጋ ይቆያል፣ አንተ፣ ይላሉ አባቱ ከውስጥ፣ ትንፋሻቸው መስታወቱን ጉም እያለበሰ፣ ጢም አብቅለሃል እንዴ፣ መቼ ነው።

ቆየ እኮ አባባ፣ ክረምት አለፈው፣ አይልም፣ ይዩት፣ ከላይ እስከ ታች ይዩት፣ ጠግበው ይዩት፣ እዚህ ጋ መታጠፊያ የለም