ዛሬ ነው ቀጠሮው

ተስኒምና የሲን ፒያሳ ውስጥ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ፕሮግራም ይጽፋሉ። ተማሪ ሳሉ የፈረንጁን ቀን ወደ ሐበሻው የሚመልስ ኮድ ሠርተው ማንም በነጻ እንዲወስደው ኢንተርኔት ላይ ለቀውት ነበር። ብዙ ሰው ወሰደው፤ አንድ ሆስፒታልም ጭምር።

በቅርቡ ደግሞ ኮዱ የተጻፈበት ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አዲስ እትም ወጣ። “ከአዲሱ ጋር ይስማማል ወይ?” የሚል ጥያቄ ሲበዛ የሲን ኮዱን የሚፈትኑትን መፈተኛ ፕሮግራሞች አስኬደ። ሁሉም አለፉ፤ “ይሠራል” ብሎ ለጠፈ። የተስኒም ልብ ግን አላረፈም። አንድ ጠዋት የዕለቱን ቀን በእጇ አስገብታ ሞከረች። ኮምፒውተሩ ኅዳር 12 አላት። ግድግዳው ላይ ያለው ካሌንደር ኅዳር 11 ይላል።

ክው አለች።

ኮዱ ይደገፍበት የነበረ አንድ የቆየ መሣሪያ ከአዲሱ እትም ወጥቷል። እሱ ሲጠፋ ኮዱ ትንፍሽ ሳይል፣ ድሮ ለመጠባበቂያ ብለው በጻፉት ስሌት ይሄዳል። ያ ስሌት ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ያደርጋታል፤ ያለፈችው ጳጉሜ ግን ስድስት ነበረች። መፈተኛዎቹ እንዲህ ያለውን ዓመት አያውቁትም።

“አርመን ዝም እንበል፤ ማን ልብ ይላል?” አለ የሲን።

“ሆስፒታሉ እኮ ወደ አዲሱ ተሻግሯል! ለበሽተኛ የቀጠሮ መልእክት የሚልከው በኛ ኮድ ነው።”

ይህን ስትል ታች በሩ ሥር ሰዓት የሚጠግኑት ጋሽ አጥናፉ ትዝ አሏት። ባለቤታቸው እትዬ እንቁ በዚያው ሆስፒታል የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ሲጠብቁ ከርመዋል። ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

“ጋሽ አጥናፉ፣ የእትዬ እንቁ ቀጠሮ መቼ ነው?”

“ነገ ነዋ ልጄ፤ ኅዳር 12። አሁን ጊዮርጊስ ልትሳለም ሄዳለች።”

“ዛሬ ነው! መልእክቱ ተሳስቷል። ይነሡ!”

እትዬ እንቁን ከቤተክርስቲያኑ ደጅ አንሥተው፣ ታክሲ ተኮናትረው ቸርችልን ቁልቁል ወረዱ። መንገዱ ተጨናንቋል። ተስኒም ለሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ለመድኃኔ ደወለች።

“‘ይሠራል’ ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?” አላት።

“ተሳስተናል። ነገ ተራ ያላቸው ከነገ ወዲያ ነው የሚመጡት። እባክህ አንድ በአንድ ደውልላቸው።”

“እሺ” አለ።

ሲደርሱ ነርሷ አንገቷን ደፋች። “ጠብቀን ጠብቀን ተራቸውን ለሌላ ሰጠነው፤ አሁን ቀዶ ክፍል ገብቷል። ሐኪሞቹ የውጭ ሰዎች ናቸው፤ የቀሯቸው ቀናት ተራ ሞልቷል፤ የሚመለሱት ከፋሲካ በኋላ ነው።”

እትዬ እንቁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። “እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ይማረው” አሉ።

“ቀኑን ያሳሳተው ማን ነው?” ጠየቁ ጋሽ አጥናፉ።

“እኛ ነን” አለች ተስኒም። “ኮዱ የኔና የየሲን ነው።”

ሽማግሌው የሚስታቸውን ክንድ ደግፈው ወደ በሩ አመሩ፤ ተስኒም ልከተል አልከተል ስትል እዚያው ቀረች።

ከሰዓት በኋላ መድኃኔ ደወለ፤ ከአንድ የደብረ ብርሃን ሰው በቀር ሁሉንም አግኝቷቸዋል። ቁጥሩን ተቀብላ፣ ወደ ፒያሳ ስትመለስ ራስ መኮንን ድልድይ ጫፍ ላይ፣ በነጋዴው ጫጫታ መካከል፣ አንድ ጆሮዋን ደፍና ደጋግማ ደወለች። በመጨረሻ የሰውየው እህት አነሣች።

“ወንድምሽ ዛሬውኑ ይነሣ” አለቻት ተስኒም። “ቀጠሮው ነገ ነው።”

“ወይኔ! እርሻ ላይ ነው እኮ፤ ቆይ ልጥራው” አለች ሴትየዋ። ስልኩን ሳትዘጋው ስትሮጥ ተሰማ።