ለሥዕሏ የተሰፋ ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ ለባሏ ምሳ ይዛለት ወደ ሥዕል ክፍሉ ስትገባ ነው ነገሩ ያልጣማት። ሠዓሊው ባሏ የለም፤ ሸራው ግን ቆሟል። በሸራው ላይ በሰው ልክ የተሣለች ሴት ራቁቷን፣ ጀርባዋን ሰጥታ ጋደም ብላለች። ፊቷ አይታይም፤ ግራ ትከሻዋ ግን ዝቅ ብሏል።

የታናሽ እህቷም ግራ ትከሻ ዝቅ ያለ ነው። ይህን ከእናታቸው ቀጥሎ የምታውቀው እሷ ናት፤ ለእህቷ በሰፋች ቁጥር በዚያ በኩል ስፖንጅ ታስገባለች።

ባሏ የሚሥለው በጥንቶቹ የፈረንጅ ሠዓሊዎች ስልት ነው። በግድግዳው ያሉት ሴቶች ወይ ተኝተዋል፣ ወይ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ወይ ልብሳቸው ከትከሻቸው እየተንሸራተተ ነው፤ አንዷም እንኳ እጇን ሰዳ ከፍ አታደርገውም። ቀና ብላ ሰው የምታይ ደግሞ የለችም። ልብስ ሰፊዋ ራሷም ሙሽራ ሳለች እንዲሥላት ተቀምጣለት ነበር። "አሁን ከጭንቅላቴ ነው የምሥለው" ማለት ከጀመረ ሰነበተ። ታዲያ ይቺ ከየት መጣች? እሳት በሌለበት ጭስ የለም። እህቷ በቀደም "ሥዕሉ አላለቀም እንዴ?" ማለቷም ትዝ አላት። እሷን ምን አገባት?

ሌላ ሴት ብትሆን ትጮኽ ነበር፤ እሷ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የሥዕሏን ትከሻ፣ የጀርባ ርዝመት፣ ወገብና ዳሌ እንደ ማንኛዋም ደንበኛ ለካች፤ ቀለሙን እንዳትነካው ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ። በዚያው ልክ ሐር ቆርጣ ቀሚስ ሰፋች። ቀሚሱ ለእህቷ ልክ ከሆነ፣ እህቷ ዳግመኛ ደጇን አትረግጥም።

"እትዬ፣ ለማን ነው?" አለች እህቷ በልብስ ስፌቱ ክፍል መስተዋት ፊት ቆማ።

"ለደንበኛ። ቁመናዋ አንቺን ይመስላል፤ እስቲ ልበሽው።"

ለበሰችው። የወገቡ ስፌት ዳሌዋ ላይ ወርዶ ተወጠረ፤ ደረቱ ደግሞ አላስተነፍስ አላት።

"ውይ እትዬ! የጀርባዋ ርዝመት የሁለት ሰው፣ ወገቧ የሕፃን! ይቺ ሴትዮ ምግብ የት ነው የምታስቀምጠው?" ብላ በሳቅ ፈነዳች።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን አወለቀችላት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ የገዛ እህቷን ያን ሰሞን ሁሉ በልቧ ስትወግራት ከርማለች። ጋደም ያለ ሰው ትከሻው እንደሚያዘቀዝቅ ማን ይጠፋዋል? እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የለካችው የቆመ ሰው ነው። አፈረች፤ እህቷንም ያለወትሮዋ አቅፋ ሳመቻት።

ባሏ ከሥዕል ክፍሉ ሲመጣ ቀሚሱን ምስማር ላይ ተሰቅሎ አየውና ሐሩን ዳበሰ።

"እንዴት ያምራል! ትንሽ ክብደት ከቀነስሽ እኮ ላንቺም ልክሽ ይሆናል።"

"ሥዕልህ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት?" አለችው።

"ማንም አይደለችም። ጀርባዋን ካንድ የድሮ ሥዕል፣ ወገቧን ከሌላው ወሰድኩ። እንደሷ ያለች ሴት በዓለም የለችም።"

"አውቃለሁ። ለክቻታለሁ።"

ቆሽቷ አረረ። ሥጋና ደም ያላት ሴት ብትሆን ኖሮ ደጅ ወጥተው ይጣሉ፣ ጎረቤትም ይገላግላቸው ነበር። ይቺ በባሏ ጭንቅላት ያለችው ግን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አብራቸው ስትኖር ከርማለች፤ አትበላ፣ አትወፍር፣ አታረጅ፤ ውጪ ቢሏት አትወጣ።

ወንበር ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው፤ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ።

"በል፣ ሣለኝ።"

ግራ እየገባው ከኪሱ የመሣያ ከሰል አወጣ፤ የልብስ መቁረጫ ወረቀቷንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጥቂት አያትና እንደ ልማዱ በጣቱ ወደ መሬት ጠቆመ።

"ዓይንሽን ዝቅ አድርጊ።"

ዝቅ አላደረገችም። ትክ ብላ አየችው። ባሏ ከሰሉን እንደያዘ ቀረ፤ ከየት እንደሚጀምራት አላወቀም።